«የውዴታ ግዴታ»፣ «ድምፀ ተአቅቦ»፣ «ግራ ዘመም»፦ ምርጫ በሕግ ግዴታ ሲሆን

ከማራኪ፦
እንዴት ዋላችሁ? ተማሪዎቼ «ዜጋ ድምፅ እንዲሰጥ በሕግ ይገደድ ወይስ አይገደድ» በሚል ሊከራከሩ ነው። አንዱ ቡድን የአውስትራሊያን ሕግ «የውዴታ ግዴታ» አለው። ሌላው «ድምፀ ተአቅቦ ተከለከለ ማለት ነው» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም በቦታቸው የገቡ አልመሰለኝም።

ከአዘዞ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ «የውዴታ ግዴታ» እዚህ አይሆንም። እሱን የምንለው በስሙ በፈቃድ ሆኖ እምቢ ማለት ለማይቻል ነገር ነው፤ መዋጮ ሲመጣ እንደምንለው። የአውስትራሊያው ግን በግልጽ የተጻፈ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ወጣ፣ በ1925ቱ ምርጫ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ ከ60 በመቶ በታች የነበረው መራጭ ከ91 በመቶ በላይ ሆነ። ዛሬም በአገር አቀፍ ምርጫ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው 20 ዶላር ይከፍላል። ይሄ በቃ ግዴታ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ደግሞ «መብት» ነው የሚለው።

ከበአታ ሰፈር፦
ስለ «ተአቅቦ» እኔ ልበል፣ ልጆቼ። ግሱ «ዐቀበ» ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። «ዐቃቤ ሕግ»ም «ማዕቀብ»ም ከእሱ ይወጣሉ። ተአቅቦ መቆጠብ፣ ራስን መጠበቅ ነው። እንግዲህ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ጉባኤው ላይ አለ። ስሙ ተጠርቷል፣ ተቆጥሯል። ድምፁን ግን ለማንም አልሰጠም። ቤቱ የዋለ ሰው ግን ተአቅቦ አላደረገም፤ ቀርቷል። ጋዜጠኞች ሳይቀሩ ሁለቱን ሲቀላቅሉ እሰማለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ያ ሕግ የሚይዘው ቀሪውን ነው። ሰውየው ይመጣል፣ ስሙ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ከመጋረጃ ጀርባ ይገባል። ሕጉ «ድምፅ ስጥ» ቢልም ምርጫው ምስጢር ነው። ባዶውን አጥፎ ቢከተው ማን ያውቅበታል? በእድራችንም ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውን ግን «አለቀስክ ወይ?» የሚለው የለም።

ከማራኪ፦
እግዜር ይስጥልኝ የኔታ፣ አንቱ ባይኖሩ ይሄን ማን ይነግረን ነበር! አንድ ልጅ ደግሞ «ይህን ሕግ የሚፈልጉት ግራ ዘመሞች ናቸው» ይላል። ቃሉም ሐሳቡም ከነከነኝ።

ከአዘዞ፦
ቃሉን በተመለከተ፣ ግራና ቀኙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1789 ከፈረንሳይ ጉባኤ አቀማመጥ ነው። የንጉሡ ሥልጣን ይገደብ ያሉት ከሰብሳቢው በግራ፣ የንጉሡ ደጋፊዎች በቀኝ ተቀመጡ። «ዘመም» ግን የእኛው ነው። «ዘመመ» የምንለው ሊወድቅ ለደረሰ አጥርና ግድግዳ ነውና ጆሮ ላይ ወቀሳ ያዘለ ይመስላል። እኔ «ወደ ግራ ያዘነበለ» ማለትን እመርጣለሁ።

ሐሳቡ ላይ ልጁ መነሻ አለው። ምርጫ በፈቃድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ድሃውና ወጣቱ ነው። እነሱ በሕግ ከመጡ ግራው ይጠቀማል ተብሎ ይገመታል። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ አይልም። በአውስትራሊያ ከሁሉ ቀድሞ ይህን ሕግ ያወጣው የኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ነው። ያወጣው መንግሥትም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነበር። የሠራተኛው ፓርቲ ደጋፊዎቹን ቀስቅሶ እንዳይበልጠው ሰግቶ ነው ያደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1915ቱ ምርጫ ግን በዚያው ፓርቲ ተሸነፈ። በቺሊ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁሉም የመምረጥ ግዴታ ባለበት ሕዝበ ውሳኔ፣ ግራው የደገፈውን ረቂቅ ሕገ መንግሥት 62 በመቶ ገደማ ሕዝብ አልቀበልም አለ። ታዲያ ሕጉን ማን እንደፈለገው መጠየቅ አንድ ነገር ነው፣ ማን እንደተጠቀመበት መጠየቅ ሌላ። ልጆቹ ይህን ለይተው ቢከራከሩ ደስ ይለኛል።

ከቸቸላ፦
እኔ ግዴታውን አልደግፍም። ሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምራ ሠርታበት በ1970 ተወችው። ሰው መቅረትም አቋሙ ሊሆን ይችላል። አሁን የምጠይቀው ግን ስለ ባዶው ወረቀት ነው። እኛ አገር ከተበላሸው ጋር «ዋጋ አልባ ድምፅ» ይባላል። ብራዚልም ምርጫ ግዴታ ነው፤ የምርጫ ማሽናቸው ላይ ግን ለባዶ ድምፅ የተለየ ነጭ ቁልፍ አለ። ያን አስቦ የተጫነን ሰው ዋጋ አልባ ማለት ይከብደኛል። የኔታ፣ ለዚህ «ተአቅቦ» ይሆናል ይላሉ?

ከበአታ ሰፈር፦
ይሆናል ልጄ። መጥቷል፣ ተቆጥሯል፣ ድምፁን ይዟል።