ለወተት መንጋጋ የእጅ ፋይል ወይስ ሮታሪ?

ጠያቂ
ሰላም ባልደረቦች። ትናንት የ5 ዓመት ልጅ መጣችልኝ። የታችኛው ሁለተኛ የወተት መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ነርቩ ሞቷል፤ ድዷም መግል ቋጥሯል። ማደንዘዣውን ጎበዝ ሆና ቻለችው። የሥሩን ቦይ (ነርቩ ያለበትን ቀጭን ቀዳዳ) በኬ-ፋይል፣ ማለትም በእጅ በሚሠራ መርፌ መሳይ ማጽጃ፣ ከቁጥር 15 ጀምሬ 30 ላይ ስደርስ ግን አፏን ግጥም አደረገችው። በቃ! እናትየው እየለመነች፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ እንደ ምንም ጨረስን። ፋይል የሚያሽከረክር ኢንዶ ሞተር አለኝ። በሞተሩ የሚሽከረከር የአዋቂ ሮታሪ ፋይልም አለ። በእሱ ልሥራ? ወይስ ለልጆች የተሠራውን የህንዱን ሮታሪ ፋይል፣ ኬዶ-ኤስን ላስመጣ?

መልስ 1
ዶክ፣ የአዋቂውን ተወው። 25 ሚሊ ሜትር ፋይል ከነሞተሩ ጭንቅላት በዚያች ትንሽ አፍ ውስጥ የት ይገባል? ኬዶ-ኤስ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ዲ1 የሚባለው ፋይሉ ለጠባቡ ቦይ፣ ኢ1 ለሰፊው። አንድ ሁለት ፋይል ይበቃሃል። ሌላው ጣጣ ሥሩ ነው። የወተት መንጋጋ ሥር ከበታቹ ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ አቅፎ ይጎብጣል፤ የውስጥ ግድግዳው ስስ ነው። ወፍራም ፋይል ሳታስበው ይበሳልሃል።

መልስ 2
እኔ አሁንም የኤች-ፋይል (ሌላው የእጅ ፋይል) ሰው ነኝ፤ ሽማግሌ በሉኝ። ቦዩ እኮ ክብ አይደለም፣ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ነው። ሮታሪ መሃሉን ክብ አድርጎ ይቦረቡርና ጎንና ጎኑን ሳይነካ ያልፋል። የሚያጸዳልህ ቦዩን በፈሳሽ ማጠቡ ነው። ሮታሪ የሚያተርፍልህ ደቂቃ ነው፤ ጥርሱን በማዳን በኩል ከእጅ ፋይል እምብዛም አይለይም።
አንዴ ፋይል ተሰብሮብኝ ያውቃል። የወተት ሥር እየሟሟ ይሄዳል፣ ብረቱ ግን አይሟሟም። ጥርሱን ነቀልኩት። የአዋቂ ጥርስ ሥር የሚሞላበትን ጉታ ፐርቻም የማንሞላው ለዚሁ ነው፤ አይሟሟም።

ጠያቂ
ጋሼ፣ ደቂቃ እኮ ነው የቸገረኝ! 10 ደቂቃ ባተርፍ ልጅቷ አልቅሳ ባልወጣች። ራጁ ላይ ፋይሉን ከሥሩ ጫፍ ስንት ሲቀረው ታቆማላችሁ?

መልስ 1
1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር። ሥሩ መሟሟት ከጀመረ ደግሞ ከዚያም በላይ። ሞተሩን በደቂቃ 300 ዙር ላይ አድርገው፣ አትጫነው። ቦዩን መጀመሪያ በእጅ 15 ፋይል ሳትከፍት ሮታሪ እንዳታስገባ። ጋሼ ያሉት እጥበትም እውነት ነው፤ ሮታሪ ፈጥኖ ሲያልቅ እጥበቱም አብሮ ያጥራል፣ እዚያ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸወደው።

ጠያቂ
እሺ። አንድ ፓኬት አዝዣለሁ። እስኪመጣ የተነቀሉ የወተት መንጋጋዎች ጠርሙስ ውስጥ አሉኝ፣ እነሱ ላይ እጄን እፈታለሁ። ልጅቷ ሐሙስ ለብረት ክራውን (ጥርሱን ለሚሸፍነው ቆብ) ትመጣለች። ጓንት ነፍቼ ዶሮ እንደምሠራላት ቃል ገብቻለሁ።