ላፕቶፔ ፒን ተቀብሎ «ዌልካም» ላይ ይቀራል፤ ፎርማት ሳላደርግ መግባት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የላፕቶፔ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ዊንዶውስ 11 ነው። ሲበራ ደህና ነው፤ ስሜ ያለበት ስክሪን ይመጣል፣ ፒን አስገባለሁ፣ ይቀበላል። ከዚያ «ዌልካም» የሚለው ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አታቆምም። ማታ እንደዛው ትቼው ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳም እየዞረች ነበር። ማውሱ ይንቀሳቀሳል። ማብሪያውን ተጭኜ በግድ አጥፍቼ ብሞክርም ያው ነው። ጥገና ቤት ደውዬ ስጠይቅ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አሉኝ። ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፌ አለ፣ ባክአፕ የለኝም (አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ)። ምን ላድርግ?

የቢሮ አይቲ፦ ወንድሜ፣ ፎርማት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው፣ ተረጋጋ። መጀመሪያ በሽታውን እንለይ። ፒኑን ወይም ፓስወርዱን አልቀበልም ቢልህ ኖሮ፣ ካፕስ ሎክ በርቶ ወይም ኪቦርዱ ወደ ሌላ ቋንቋ ዞሮ እንደሆነ ከስክሪኑ ቀኝ ታች ያለውን ምልክት እይ እልህ ነበር። ተቀብሎ ጥቁር ስክሪንና ማውስ ብቻ ቢያሳይ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሩን (ስክሪኑን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) እጠረጥራለሁ። ያንተ ግን ሌላ ነው። ማን እንደሆንክ አውቋል፤ የተቸገረው ፕሮፋይልህን (ፋይሎችህና ሴቲንግህ ያሉበትን) ሲከፍት ነው፣ ወይም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሳ አንድ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) እስኪመልስለት እየጠበቀ ነው። እስኪ ንገረን፣ ይሄ ከመጀመሩ በፊት ምን ተቀየረ? አፕዴት? አዲስ ፕሮግራም? ሲ ድራይቩስ ሞልቶ ነበር?

ጠያቂ፦ እህት ነኝ፣ ግን ችግር የለውም። ሲ ላይ ወደ 60 ጊጋባይት ባዶ ነበረ። አፕዴት ማድረጌን አላስታውስም። አዲስ የጫንኩትም የለም። ኤክስተርናል ዲስክና ፕሪንተር ሁሌም እንደተሰኩ ናቸው።

ካቻቢቴ፦ እንግዲያው እነሱን ንቀይ። ፍላሽ፣ ዲስክ፣ ፕሪንተር፣ የኔትወርክ ገመድ፣ ሁሉንም። ዋይፋዩንም እዛው ሎጊን ስክሪኑ ላይ ካለው ምልክት አጥፊው። የሚሞት ኤክስተርናል ዲስክ ኮምፒውተሩን አብሮ ሲያስር ብዙ አይቻለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ በግድ ማጥፋቱን አትደጋግሚው። ዲስክ ላይ እየጻፈ እያለ ከተቋረጠ፣ ያልነበረ ችግር ትጨምሪበታለሽ።

ጠያቂ፦ ሁሉንም ነቀልኩ፣ ዋይፋይም ጠፍቷል። አሁንም ክቧ እየዞረች ነው።

የቢሮ አይቲ፦ ይቅርታ እህቴ። በሴፍ ሞድ እንሞክር። ሪስታርት ሲያደርግና ስምሽ ሲመጣ ፒን *አታስገቢ*። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የፓወር ምልክት ክሊክ አድርጊ፤ ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ሪስታርት በይው። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፦ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት። ሲመለስ ዝርዝር ያወጣል፤ 4 ሴፍ ሞድ ነው፣ 5 ሴፍ ሞድ ከነኔትወርኩ። 5ን ምረጪ። ሴፍ ሞድ ማለት ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ጓዝ፣ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨሮችና ሰርቪሶች ብቻ ሲነሳ ነው። እዛ ከገባ፣ ዊንዶውሱም ፕሮፋይልሽም በሕይወት አሉ ማለት ይቻላል፤ አጥፊው ከጓዙ መሀል ነው።

ጠያቂ፦ ኧረ ወገን! 48 አሃዝ ያለው የሆነ ቁልፍ አስገቢ እያለኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አውጥቼ አላውቅም። አበላሸሁት እንዴ?

የቢሮ አይቲ፦ አላበላሸሽም፣ እኔ ነኝ ቀድሜ መንገር የነበረብኝ። ቢትሎከር ይባላል፤ ዲስክሽ ተመስጥሮ ነው ያለው፣ እና አነሳሱ ስለተለወጠበት «ባለቤቷ መሆንሽን አሳዪኝ» እያለ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቢ ራሱ ያበራዋል፣ ቁልፉንም አካውንትሽ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በስልክሽ ወደዛው አካውንት ግቢና ሪከቨሪ ኪ የሚለውን ፈልጊ። ብዙ ቁልፍ ካለ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው የቁልፍ መለያ ጋር አመሳክሪ። ለማንም አትላኪው፣ ለእኔም።

ካቻቢቴ፦ ለዚህ ነው ሳያጣሩ «ፎርማት» የሚሉት የሚያናድዱኝ። ቢትሎከር ያለበት ዲስክ ፎርማት ከሆነ በኋላ ፋይል ማውጣት ብሎ ነገር ሕልም ነው።

ጠያቂ፦ ቁልፉ አካውንቴ ውስጥ አለ! አስገባሁት። አሁን ግን ፒኑን አልቀበልም አለኝ።

የቢሮ አይቲ፦ ፒን ሴፍ ሞድ ላይ የማይሠራበት ጊዜ አለ። ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ብለሽ የአካውንቱን ፓስወርድ አስገቢ።

ጠያቂ፦ ገባ!!! ዴስክቶፔን አየሁት! አራቱም ጥግ ላይ ሴፍ ሞድ ይላል። ጽሑፌ አለ። ወደ ፍላሽ እየገለበጥኩ ነው፣ ሌላ ምንም አልነካም።

ዝምተኛ አንባቢ፦ እኔ አንዴ ይሄ ሲገጥመኝ ፕሮፋይሉ ተበላሽቶ ነበር። ሴፍ ሞድም አላስገባኝም፤ በሌላ አካውንት ገብቼ አዲስ ዩዘር ከፈትኩና ፋይሌን ወደዛ አዛወርኩ። አንቺ በራስሽ ስም ከገባሽ ግን የኔ ዓይነት አይመስልም።

የቢሮ አይቲ፦ ልክ ነህ፣ አይደለም። እህቴ፣ ቅጂው ሲያልቅ ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ክፈቺና አረጋግጪ። ከዚያ ሰርች ላይ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ብለሽ ክፈቺ። ሰርቪስስ የሚለው ውስጥ «ሃይድ ኦል ማይክሮሶፍት ሰርቪስስ» የሚለውን መጀመሪያ ምልክት አድርጊበት፤ ይሄን ከዘለልሽ የዊንዶውስን የራሱን ታጠፊያለሽ። የቀሩትን ዲሴብል ኦል፣ ከዚያ ሪስታርት። ቡት የሚለው ውስጥ ያለውን ሴፍ ቡት አትንኪ፤ ያ ከተነካ እስክታነሺው ድረስ ሁልጊዜ ሴፍ ሞድ ነው የሚገባው።

ጠያቂ፦ ያለ ሴፍ ሞድ፣ በደንቡ ገባ! በሰከንዶች!

የቢሮ አይቲ፦ አሁን አጥፊውን እንያዝ። አንድ በአንድ ከሆነ ቀኑ ይመሻል። ግማሾቹን አብሪ፣ ሪስታርት አድርጊ። ዌልካም ላይ ከቀረ አጥፊው ካበራሻቸው መሀል ነው፤ ከገባ ከሌላው ግማሽ። የያዘውን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ክፈይ። 16 ሰርቪስ ቢኖር በአራት ሙከራ ይገኛል። ዌልካም ላይ ከቀረብሽ መውጫውን አሁን ታውቂዋለሽ።

ጠያቂ፦ 11 ነበሩ፣ በአራተኛው ያዝኩት። ኮምፒውተር «ያፋጥናል» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ከወራት በፊት ጭኜው አጥፍቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ አይኮኑን ብቻ ነው ከዴስክቶፕ ላይ የሰረዝኩት። ባለፈው ሳምንት ራሱን አድሷል፣ ቀኑ ላዩ ላይ ተጽፏል።

ካቻቢቴ፦ አፋጣኝ ብሎ ነገር! አሁኑኑ በደንቡ አንሺው፤ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ አንኢንስቶል። ሴፍ ሞድ ላይ ሆነሽ አትሞክሪ፣ ብዙ ፕሮግራም እዛ አንኢንስቶል አይሆንም። ከዚያ የቀሩትን ሰርቪሶች መልሰሽ አብሪ፣ ፕሪንተሩንም ሰኪው፣ እሱ ምንም አላጠፋም።

ጠያቂ፦ ተነሳ፣ ሁሉም ተመለሰ፣ ሦስቴ ሪስታርት አድርጌ አየሁት። ጽሑፉ አሁን ሦስት ቦታ ነው ያለው። እናንተ ልጆች፣ እድሜ ይስጣችሁ።