የጓያ ሽሮ ለሁዳዴ ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? ባሕር ዳር ነው የምኖረው። አክስቴ ከፎገራ 10 ኪሎ የጓያ ሽሮ ላከችልኝ፣ እጇ ይባረክ። ሁዳዴን በሱ ልወጣው ብዬ ነበር። ትናንት ስሠራ ጎረቤቴ ገባችና ክው አለች። «እንፋሎቱ ብቻ እግር ይሰብራል፣ ድፊው!» አለችኝ። የ8 ዓመት ልጅም አለኝ። እውነት ልድፋው?

የጤና ባለሙያ ነኝ፦ እህቴ፣ እንፋሎቱ አይሰብርም። ማሳው ውስጥ መሄድም ይሰብራል የሚሉ አሉ፣ እሱም ልክ አይደለም። የሚጎዳው መብላቱ ነው፤ ያውም ሲደጋገም። ጓያ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ ነገር አለ። ከምትበዪው ሲሶ ያህሉ ጓያ ሆኖ 2 እና 3 ወር ከዘለቀ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል። አንዴ ከያዘ መዳን የለውም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያና ፎገራ ላይ ብዙ ሰው ጎድቷል። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። በየቀኑ ከሆነ አልመክርሽም። ለልጁ ጭራሽ ይቅር።

የፎገራ ልጅ፦ ኧረ ጓያን እንዲህ ስሙን አታጥፉት! እኛ ጋ ሩዙ ሳይታጨድ፣ መሬቱ ገና እርጥብ እያለ፣ ጓያው ከመሃሉ ይበተናል። በቀረችው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። እንደ ሽምብራ አይሞላቀቅም። ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ከአየር ናይትሮጂን ስለሚይዙ መሬቱንም ያግዛል። ገለባው ለከብት ነው። ገበሬው ወዶ አይደለም የሚዘራው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ዘፍዝፌ ውሃውን ብደፋውስ?

ባልትና፦ ዱቄት ምኑ ይዘፈዘፋል የኔ እህት! እሱ ለጥሬው ነው። አድሮ ውሃው ሲደፋ መርዙ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ያንቺው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጭቶ አልቋል። ዋናው ሽሮሽ የሽምብራ ወይም የአተር ይሁን። ጥሬውን ገዝተሽ ራስሽ አስፈጪ፤ ጓያ ርካሽ ስለሆነ የገበያ ሽሮ ውስጥ ይቀላቅሉታል። የጓያውን አልፎ አልፎ፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ። ሌላ ቀን ምስር፣ ሌላ ቀን ክክ አልጫ። ደረቅ ምስር በ100 ግራም 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ምንም አይቀርብሽም። ሎሚ ጨምቂበት፣ ቡናውን ደግሞ ወዲያው አታስከትዪ፤ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አክስቴን ግን ምን እላታለሁ?

የፎገራ ልጅ፦ «በጣም ጣፈጠኝ፤ ለከርሞ ሽምብራ ላኪልኝ» በያት።