ተማሪ ጌም ቤት እንዳይገባ ይከልከል?

አባት፣ ከአራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በየቅያሱ ጌም ቤት አለ። ከትምህርት ቤት መልስ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ይሞሉታል። በትምህርት ቀን ተማሪ እዚያ ድርሽ እንዳይል ደንብ ወጥቶ መከልከል አለበት እላለሁ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት የኦንላይን ጌም ገድባለች። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ። እኛስ ምን እንጠብቃለን?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከካዛንቺስ፦
እደግፋለሁ። ልጄ የደብተር መግዣውን እዚያ ጨርሶ መጥቷል። ሲጠሩት አይሰማ፣ ሲያጠፉበት ያኮርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ የጌም ሱስን በሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

መምህርት፣ ከስድስት ኪሎ፦
እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ድርጅቱ ግን መስፈርቱን ጠበቅ አድርጎታል። ሱስ የሚለው ልጁ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌም ትምህርቱንም ቤተሰቡንም ሲያስረሳው፣ እየተጎዳም ሲቀጥል ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ። ያኮረፈ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ላለባቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ልጆች በሐኪም የሚታዘዝ ጌም ፈቅዷል። ስለዚህ ጌም በጅምላ ጠላት አይባልም።

እናት፦
መምህርት፣ ያ በሐኪም የሚታዘዝ ነው። እዚህ ያለው በሰዓት የሚሸጥ ነው።

ጌም ቤት ያለው፣ ከፒያሳ፦
እንጀራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም የምናገረው። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ የታለ? ባዶ ቦታው ሁሉ ታጥሯል ወይ ሕንፃ ወጥቶበታል። እኔ ጋ ሲመጡ ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ያያቸዋል።

አባት፦
ወንድሜ፣ ስለ ሜዳው ልክ ነህ። ግን «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚባለውን ምን ትለዋለህ? ሁለት ልጆች ፊፋ የሚባለውን የኳስ ጌም ይጫወታሉ፣ የተሸነፈው የሁለቱንም ይከፍላል። ያሸነፈው ከወንበሩ ሳይነሳ ቀጣዩን ይጠብቃል። የተሸነፈው የትራንስፖርቱን ብር አውጥቶ «ድገመኝ» ይላል። ይህ ቁማር ነው። የ10 ዓመት ልጅ የከሰረውን ለማስመለስ መጫወትን እዚያ ከተማረ፣ ነገ ቤቲንግ ቤት ለመግባት አስተማሪ ያስፈልገዋል?

ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት፣ ከሜክሲኮ፦
ጋሼ፣ ዋናውን ነገር ነክተውታል። ችግሩ ጨዋታው ሳይሆን ውስጡ የተሸጎጠው ብር ነው። እዚያው ፊፋ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ ፓኬት አለ፤ ከውስጡ የትኛው ተጫዋች እንደሚወጣልህ ሳታውቅ ትከፍላለህ። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንን ቁማር ነው ብላ ከለከለች። ጨዋታውን ግን አልዘጋችም። እኔ ኮምፒውተር የወደድኩት በጌም ነው፤ እንግሊዝኛም የቀናኝ እዚያ ነው። ጌም ቤቱን ብትዘጉት ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ በስልክ ፍሪ ፋየር የሚባለውን የተኩስ ጌም ይጫወታል። ያኔ ማን ያየዋል?

እናት፦
ስልኩን እኔ እቀማዋለሁ። ጌም ቤቱን ግን በምን አቅሜ? ጂቲኤ የሚባለው የወንጀል ጌምስ? አውሮፓ ውስጥ ዕድሜው 18 ላልሞላው አይሆንም የተባለ ጨዋታ ነው። እዚህ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሰው ሲገድልበት ይውላል።

ጌም ቤት ያለው፦
ጂቲኤ ለትንንሽ ልጆች አልከፍትም። ተሸናፊ ይከፍላል የሚለውንም ላስቀር እችላለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቀድሞ ይክፈል። ይህ ከባድ አይደለም።

መምህርት፦
በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ የመጣውንስ ትመልሰዋለህ?

ጌም ቤት ያለው፦
እውነቱን ልንገርሽ መምህርት። እኔ ብቻዬን ብመልሰው ቀጥሎ ያለው በር ይገባል። እኔ ኪራይ አለብኝ። ሁላችንም አንድ ላይ የምንመልስ ከሆነ ግን ነገውኑ እጀምራለሁ።

አባት፦
ታዲያ ደንብ ይውጣ ያልኩት ለዚህ አይደል?