የአዳዲስ ልብ አንጠልጣይና ፋንታሲ መጻሕፍት ዳሰሳ፦ መጨረሻውን ሳያወጡ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ | የሌሊት አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ የሚወጡ ልብ አንጠልጣይና ፋንታሲ ልብ ወለዶችን እያነበብኩ ዳሰሳ እጽፋለሁ። የልብ አንጠልጣዩ ጥንካሬም ድክመትም ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ካልነካሁት ጽሑፌ ባዶ ሙገሳ ይሆናል፤ ከነካሁት ደግሞ አንባቢውን እበድላለሁ። ፋንታሲው በአብዛኛው የተከታታይ አንደኛ ቅጽ ነው። ያላለቀ ታሪክ በምን ይመዘናል? አታሚዎች ከሕትመት በፊት የሚሰጡትን ኮፒ ስጠቀምስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ | ገጽ ገላጭ

ከሴራው መናገር የሚቻለው እስከ መጀመሪያው ሩብ ድረስ ነው። መጽሐፉ 400 ገጽ ከሆነ ከገጽ 100 በኋላ የሚሆነውን አትተርክ። የጀርባ ሽፋኑ ከዚያ አልፎ ቢናገር እንኳ አንተ አትከተለው፤ ሽፋኑን ሳያነቡ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው።

መጨረሻውን ግን መመዘን ትችላለህ። ምን እንደሆነ ሳይሆን እንዴት እንደተደረሰበት ጻፍ። «ምስጢሩ የሚፈታው ቀድመው በተዘሩ ንግሮች (የሚመጣውን በሚጠቁሙ ፍንጮች) ነው» ወይም «የሚፈታው ዘግይቶ በገባ መረጃ ነው» ማለት ማንንም አያጋልጥም፤ ለሚገዛው ሰው ግን ትልቅ ነገር ይነግረዋል። ይህን በድፍረት ለመጻፍ መጽሐፉን እንደጨረስክ ወደ መጀመሪያው ሩብ ተመለስና ንግሮቹን ምልክት አድርግባቸው። እንግሊዛዊው ቄስና የመርማሪ ልብ ወለድ ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለመርማሪ ልብ ወለድ ባወጣቸው አሥር ደንቦች ውስጥ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ እንዳለበት፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭም ከአንባቢ መደበቅ እንደሌለበት አስቀምጧል። ሁሉም ደንቦቹ ለዛሬ አይሠሩም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አሁንም ጥሩ መመዘኛ ናቸው።

በአንደኛ መደብ የሚተርክ የማይታመን ተራኪ ካለ ዝምታውን ከማጭበርበር ለይ። ተራኪው ለሌሎች ገጸ ባሕርያት ቢዋሽ ችግር የለውም። በሐሳቡ ውስጥ እያስገባን፣ ስለዚያው ጉዳይ እያሰበ፣ ዋናውን ነገር ለደራሲው ምቾት ብቻ ከዘለለው ግን ጉድለት ነውና ጻፈው።

ልብ ሰቀላውንም ፈትሽ። በምዕራፍ መጨረሻ በሩን ያንኳኳው ሰው በቀጣዩ ምዕራፍ ጎረቤት ሆኖ ከተገኘ፣ ይህም ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ፣ አንባቢው መፍራት ያቆማል። ብዙ መጻሕፍት መሐል ላይ የሚላሉት በዚህ ነው።

መልስ | ቀይ ዕልባት

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይጨመር። «መጨረሻው ያስደነግጣል፣ ፈጽሞ አትገምቱትም» ማለት ራሱ ማጋለጥ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ከገጽ 1 ጀምሮ ሁሉንም ይጠረጥራል፣ የተዘጋጀለትም ወጥመድ ይከሽፋል። ስለ መጨረሻው በዝርዝር መወያየት ካለብህ ለብቻው ጻፈውና ከላዩ ላይ በግልጽ አስጠንቅቅ።

መልስ | ሦስተኛው ቅጽ

ስለ ፋንታሲው ልመልስ። አንደኛ ቅጽ ትልቁን ጦርነት ሳይጨርስ ሊዘጋ ይችላል፤ የራሱን አንድ ጥያቄ ግን መመለስ አለበት። እሱንም ካልመለሰ ያነበብከው ረጅም መግቢያ ነው፤ ይህን ሳትሸፋፍን ንገራቸው።

አስማቱ ላይ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ምን ማድረግ አይችልም? ተጠቃሚውን ምን ያስከፍለዋል? በጡዘቱ ላይ ጀግናውን ያዳነው ኃይል ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር ወይ? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ምስጢራዊና ደንቡ የማይታወቅ አስማት ውበት አለው፣ ችግር ሲፈጥርም ያምርበታል፤ ድንገት መጥቶ ችግር ከፈታ ግን ውጥረቱ ሁሉ በአንድ ገጽ ይፈርሳል። መቼቱንም እይ፤ የዓለሙ ታሪክ በድርጊት ውስጥ ይገለጣል ወይስ አንዱ ሽማግሌ አምስት ገጽ ሙሉ ያብራራል?

የስሞቹን አነባበብ በድምፅ ከተቀረጸው መጽሐፍ ናሙና ስማና በፊደላችን አንድ ዓይነት አድርገህ ጻፍ። የቅጹን ተራ ቁጥር ጥቀስ፤ የሚወጣበትንም ቀን «እ.ኤ.አ.» ብለህ አስቀምጥ፤ አለዚያ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነቱ ግራ ያጋባል።

መልስ | ገጽ ገላጭ

ስለ ቅድመ ሕትመት ኮፒው፦ እንደ ኔትጋሊ ባሉ የኢንተርኔት መድረኮች የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ እርማት ያልተደረገበት ነው። የፊደል ግድፈቱን አትተች፤ ጥቅስም ከታተመው ጋር ሳታመሳክር አታውጣ፤ ዓረፍተ ነገሩ ሊቀየር፣ ምዕራፍም ሊቆረጥ ይችላል። አታሚው ዳሰሳ የሚለቀቅበትን ቀን ከወሰነ ጠብቅ። ፋይሉ የጊዜ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ማስታወሻህን ሌላ ቦታ ያዝ። የምትችለውን ያህል ብቻ ጠይቅ፤ ኔትጋሊ ከተፈቀደልህ መጻሕፍት 80 በመቶ ለሚሆኑት አስተያየት እንድትሰጥ ይመክራል፣ አታሚዎችም ቀጣዩን ጥያቄህን ሲያዩ ይህን ቁጥር ይመለከታሉ።

በነጻ ማግኘትህን ከጽሑፉ አናት ላይ ግለጽ። አሜሪካ ላሉት ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦማሪዎችንም ይመለከታል።