ማስታወቂያ ማገጃዬ ጠፋብኝ፤ የትኛውን ብሮውዘር ልያዝ?

ጠያቂ፦ ፎቶኮፒ ቤት (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር ነው ያለኝ። አንዱ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ሌላው 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዊንዶውስ 7። ኢንተርኔቱን ከስልኬ ነው የምለቀው፤ እያንዳንዷ ሜጋ ከኪሴ ናት።

ለዓመታት ክሮም ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን ጭኜ ከማስታወቂያ ተገላግዬ ነበር። አሁን ዊንዶውስ 10 ላይ “ከእንግዲህ አይደገፍም” ብሎ ጠፍቷል። ላበራው ብሞክር እሺ አይልም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተመራቂ ተማሪ ሪሰርቹን በሦስት የተለያየ ፒዲኤፍ ይዞ መጣ። ዲፌንሱ ከሰዓት ነው። ፋይሎቹን አንድ ላይ የሚያጣምር ድረ ገጽ ከፈትኩ። “ዳውንሎድ” የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አራት ቦታ ተደርድሯል። እውነተኛው ከሥር ያለው ትንሹ ነበር፤ እኔ ትልቁን ነካሁት። አንድ ገጽ ተከፈተ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ያላዘዝኩት ፋይል መውረድ ጀመረ። ደንግጬ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በሌላኛው ኮምፒውተር አደረስንለት፤ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

አንዱ ብሬቭ ይለኛል፣ ሌላው ፋየርፎክስ። የቱ ይሻለኛል? ስልኬንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ጥገና ቤት (ፈረንጅ አራዳ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ ያ የወረደው ፋይል ካልተከፈተ ብዙም አትጨነቂ። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ፈልገሽ አጥፊው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን በአንቲቫይረስ ፈትሺው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ማገጃሽ አልተበላሸም። የተቀየረው የክሮም ደንብ ነው። ጎግል አዲሱን የኤክስቴንሽን (እንደ ማገጃሽ ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ደንብ፣ ማኒፌስት 3 የሚባለውን፣ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አሮጌዎቹን ኤክስቴንሽኖች ማጥፋት የጀመረው በ2024 ሲሆን፣ በ2025 ጨርሶ ዘጋቸው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ድሮ ማገጃው እንደ ዘበኛ በር ላይ ይቆማል። የሚመጣውን ሁሉ ራሱ አይቶ “አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ” ይላል። አሁን ግን የማይገቡትን ስም ዝርዝር አስቀድሞ ጽፎ ለብሮውዘሩ ያስረክባል። በሩን የሚጠብቀው ብሮውዘሩ ነው። የዝርዝሩም ርዝመት ገደብ አለው። ጎግል ለዚህ የሰጠው ምክንያት ደኅንነትና ፍጥነት ነው። እውነት ለመናገር፣ የምትከፍቺውን ሁሉ የሚያይ ኤክስቴንሽን በመጥፎ ሰው እጅ ከገባ የይለፍ ቃልም ይሰርቃል። ቢሆንም ጥሩውም ዘበኛ አብሮ ከበር ተነሣ።

ክሮምን መተው ካልፈለግሽ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት አለ። የሠራው ያው የዋናው ዩብሎክ ኦሪጅን ሠሪ፣ ሬይመንድ ሂል ነው። ተራ ማስታወቂያ በደንብ ያግዳል። ተንኮለኛ ገጾች ላይ ግን እንደ ዋናው አይሆንም። እኔ ለሱቅሽ ፋየርፎክስ ነው የምለው። ፋየርፎክስ የድሮውን መንገድ ስላልዘጋው ዋናው ዩብሎክ ኦሪጅን እንዳለ ይሠራል። ስትጭኚ “ኦሪጅን” የሚለው ቃል መኖሩን አረጋግጪ። “ዩብሎክ” ብቻ የሚባለው የሌላ ሰዎች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩብሎክ ኦሪጅን ሴቲንግ ውስጥ ከተወሰነ ኪሎባይት በላይ የሆነ ምስልና ቪዲዮ እንዳይወርድ የሚከለክል ምርጫ አለ። እኔ 200 ላይ አድርጌዋለሁ። ትልቅ ፎቶ ያለበት ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ማየት ከፈለግሽ ትነኪዋለሽ፣ ያኔ ይወርዳል። ከስልክ ለሚለቅ ሰው ከማስታወቂያው በላይ ሜጋ የሚያተርፈው ይህ ነው።

መልስ፦ የኮቺ ልጅ

እኔ ብሬቭ ነኝ። ማገጃው አብሮት የተሠራ ነው እንጂ ኤክስቴንሽን አይደለም። ስለዚህ ይህ ደንብ አይነካውም። መልኩም ከክሮም ጋር አንድ ስለሆነ ሠራተኛ ካለሽ ግራ አይጋባም። ስትጭኚው ስለ ክሪፕቶ ዋሌትና ስለ ሪዋርድ ያወራሻል፤ ዝጊው፣ ምንም አይጎድልብሽም። ዊንዶውስ 7 ላይ ግን አዲሱ ብሬቭ አይሠራም።

መልስ፦ የአጋሮ መምህር

ስለ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተርዎ ማንም በደንብ አልነገርዎትም። ክሮም ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው 109 ነው፤ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አይታደስም። ለእሱ የሚሆነው ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር (ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ የተዘጋጀ እትም) የሚባለው ነው።

እባክዎ ፍላሽ ላይ የተቀመጠ አሮጌ መጫኛ አይጠቀሙ። እኔ በዚህ ተሸውጃለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አምስት ኮምፒውተር ላይ ከፍላሽ ጫንኩ፤ ኤክስቴንሽኖቹ አንዳቸውም አልሠሩም። ግማሽ ቀን ለፋሁ። ለካ ፋየርፎክስ ኤክስቴንሽኖችን የሚያረጋግጥበት አንድ ሰርተፍኬት መጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ ጊዜው አልፏል። ኢኤስአሩ ቢያንስ 115.13 መሆን አለበት። ፋየርፎክስን ከሚሠራው ከሞዚላ ድረ ገጽ በቀጥታ ያውርዱት።

በዚያ ኮምፒውተር ላይ ግን የባንክ ሥራ አይሥሩ። ለጽሕፈትና ለፕሪንት ይበቃዎታል።

መልስ፦ ሦስተኛ ዓመት

እትዬ፣ ስለ ስልኩ እኔ ልንገርዎት። አንድሮይድ ላይ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስ ግን ስልክ ላይም ዩብሎክ ኦሪጅን ይጭናል። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ “ፕራይቬት ዲኤንኤስ” አለ። ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጾችን አድራሻ ለስልኩ ፈልጎ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። አድጋርድ የሚባል ማስታወቂያ የሚያግድ ድርጅት የራሱ ዲኤንኤስ አለው፤ ስሙን ከድረ ገጻቸው ገልብጠው እዚያ ያስገቡ። አፖች ውስጥ ያለውንም ማስታወቂያ ብዙውን ያስቀርልዎታል። የዩቲዩብን ግን አያስቀርም፤ ማስታወቂያውም ቪዲዮውም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው።

ጠያቂ፦ ፎቶኮፒ ቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱም ላይ ፋየርፎክስ ጫንኩ። የመምህሩ ምክር ባይኖር እኔም ከፍላሽ ልጭን ነበር። ያንን የፒዲኤፍ ገጽ መልሼ ከፈትኩት፤ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው! ሁለት ነገር ቀረኝ። የይለፍ ቃሎቼ ክሮም ላይ ናቸው፣ እንዴት ላምጣቸው? አንድ የማመልከቻ ፎርም የሚሞላበት ገጽ ደግሞ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ ጥገና ቤት (ፈረንጅ አራዳ)

ክሮም ውስጥ የይለፍ ቃሎቹን “ኤክስፖርት” ስትይ አንድ ሲኤስቪ ፋይል ይሰጥሻል። ፋየርፎክስ ላይ “ኢምፖርት” አድርጊው። ከዚያ ፋይሉን ወዲያው አጥፊ፣ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር። ማንም ቢከፍተው የይለፍ ቃልሽ ሁሉ በግልጽ ይነበባል፤ ሱቅሽ ደግሞ ሰው የሚገባበት ነው።

እምቢ ያለሽ ገጽ ላይ የዩብሎክን ምልክት ነክተሽ ትልቁን የማጥፊያ ቁልፍ ተጫኚና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጊ። ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ይጠፋል። የምትወጃቸው የአገር ቤት ጋዜጦች ካሉም እንዲሁ አድርጊላቸው፤ ከማስታወቂያው ነው የሚበሉት። ፎርሙ አሁንም ካልሠራ ክሮምን አትንቀዪው፣ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይትን ጭነሽበት ለፎርሙ ብቻ ተጠቀሚበት።