ሦስት ወር ሜክሲኮ ባህር ዳርቻ መክረም፦ የኖራችሁበት ምከሩን

ጡረተኛው ሾፌር (ዊኒፔግ)

እንዴት ከረማችሁ ወገኖቼ።

እኔና ባለቤቴ ዊኒፔግ ነው የምንኖረው። 27 ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል። አምና በጥር በረዶ አንሸራትቷት እጇ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርዱ ሲጠና ደጅ መውጣት ትፈራለች። ልጆቻችን ሜክሲኮ፣ ዩካታን ውስጥ ፕሮግሬሶ የምትባል የባህር ከተማ ቤት ሊከራዩልን ነው። ከገና በኋላ ሄደን እስከ ማርች መጨረሻ እንድንቆይ ይፈልጋሉ።

የምጠይቃችሁ የሽርሽሩን ሳይሆን የኑሮውን ነገር ነው። ውሃው እንዴት ነው? ዐቢይ ጾም እዚያው ይገባብናል፤ ምን ይበላል? ባለቤቴ አንድም የስፓኒሽ ቃል አታውቅም፤ ብቻዋን ሱቅ ደርሳ መመለስ ትችላለች? ደግሞ እሷ ገና የካናዳ ዜግነት አልወሰደችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ፒአር ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት ካርድ) ነው ያላት። ቪዛ ትጠየቃለች?

እውነቱን ንገሩኝ። ሦስት ወር ሙሉ አይሰለችም?

የጀበናዋ (ኤድመንተን)

ጋሼ፣ እንኳን ለጡረታዎ አበቃዎት። እኔ ፕሮግሬሶ መክረም ከጀመርኩ ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ኤድመንተን የሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ስሠራ ኖርኩ። ባለቤቴ ሲያርፍ ቤቱ ጭር አለብኝ። መጀመሪያ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነበር።

ከጉልበቱ ልጀምር። የፕሮግሬሶ ባህር ጥልቀት የለውም። የወደቡ ድልድይ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባህሩ የተዘረጋው ለዚህ ነው፤ መርከብ የሚያስጠጋ ውሃ የሚገኘው እዚያ ርቆ ነው። ለጉልበት ሕመምተኛ ግን ይሄ በረከት ነው። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ድንገት የሚዘቀዝቅ ነገር የለውም። ብዙ ርምጃ ገብተው ውሃው ገና ወገብዎ ጋ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ውሃው ውስጥ ሆኜ የባህሩን ዳር ይዤ እራመዳለሁ። ውሃው ክብደቴን ይሸከምልኛል። እትዬም ይሞክሩት፤ መጀመሪያ ላይ ግን ክንዳቸውን ይያዙላቸው።

ሁልጊዜ ሙቀት ነው ብላችሁ እንዳትመጡ ደግሞ። በእነዚህ ወራት ኖርቴ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ከእኛው አገር የወረደው ብርድ ባህረ ሰላጤውን ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ትናንት 30 ዲግሪ የነበረው ዛሬ 17 ይሆናል። ለዊኒፔግ ሰው 17 ምንም አይደለም ይሉኝ ይሆናል። ቤቱ ግን ማሞቂያ የለውም፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አሸዋው ላይ ጎትተው ያወጣሉ። አሸዋው በበር ሥር ይገባል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ጋቢና ካልሲ ይዛችሁ ኑ።

የቧንቧው ውሃ ለማጠቢያ ነው። የሚጠጣው ጋራፎን በሚሉት የ20 ሊትር ጠርሙስ ይመጣል። መኪናው ሲያልፍ ባዶውን ሰጥተው ሙሉውን ይቀበላሉ። እያንዳንዱ ቤት ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ። ቤቱን ስትረከቡ ሮቶው እንደሚሞላና ፓምፑ እንደሚሠራ በዓይናችሁ እዩ። እኔ በሁለተኛው ዓመት ሳላይ ገብቼ ሁለት ቀን ያለ ውሃ ቆየሁ። ያከራየኝ ሰው ስልክ አያነሳም። በመጨረሻ ጎረቤቴ፣ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው መሰላል ይዘው መጡ። ተንሳፋፊው ኳስ ተጣብቆ ነበር። ነካ አድርገው አላቀቁትና ወረዱ። ገንዘብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ። በማግስቱ ቡና አፈላሁላቸው። እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከነሚስታቸው ይመጣሉ።

አሁን ወደ ጾሙ። እዚህ ብዙ ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም እኔም እንደ እርስዎ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር።

ባቄላ አለ፣ ጥቁሩ፣ በየቤቱ። ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። ስቡ ማንቴካ ይባላል። ታማሌ የሚሉት በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥም ውስጡ ማንቴካ አለበት። ስለዚህ እትዬ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጓቸው ሁለት ቃላት "ሲን ማንቴካ" ናቸው፤ ያለ ስብ ማለት ነው። ደረቁን ባቄላ ገዝቶ ቤት መቀቀል ደግሞ ይበልጣል።

ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ሴትዮ አለች። ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ ልቁጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ሳየው ልቤ ድንግጥ አለ፤ ድልህ ነው፣ ቁርጥ የእናቴን ድልህ። ቆንጥራ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ነጭ ሽንኩርትና ቅርንፉድ ይሸታል፣ ግን አያቃጥልም። ቅላቱ አቾቴ ከሚባል ፍሬ ነው። ሬካዶ ይሉታል። ዱባና ድንች ወጥ ውስጥ ከራሴ በርበሬ ጋር ቀላቅዬ እሠራበታለሁ፣ ያምራል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሲኪል ፓክ ነው። ስሙ የማያ ቋንቋ ነው። የዱባ ፍሬ ይቆላል፣ ይፈጫል። ቲማቲም እሳት ላይ ቆዳው እስኪጠቁር ይጠበሳል። ሁለቱ ከድንብላል ቅጠል ጋር ይለወሳሉ። ሱፍ ፍትፍት እየበላ ያደገ ሰው በመጀመሪያው ጉርሻ ይገባዋል። ጎረቤቴ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ነው የተማርኩት። ፍሬውን ከነቅርፊቱ ነው የምትቆላው፤ መንጣጣት ሲጀምር ወዲያው ከእሳት ታወርደዋለች፣ አንድ ደቂቃ ካለፈ ይመርራል አለችኝ። የኛ እናቶች ስለ ሱፍ ልክ እንዲሁ ነበር የሚሉት። እኔ ለጾም ነው ስላት እሷም ለጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማትበላ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትሠራ የኔን ድርሻ ለይታ ታስቀምጥልኛለች።

ጎመን ለፈለገ ቻያ የሚባል ቅጠል አለ። እንደ ጎመን ነው የሚሠራው። ግን ጥሬውን አይበላም፣ በደንብ መብሰል አለበት። አደራ።

ስለ ቋንቋው እትዬ አይፍሩ። እዚህ ሱቅ ሲገቡ ሰላምታ ይቀድማል። "ቡዌናስ" ካሉ ሁሉም ዞሮ ይመልስልዎታል። ሳይሉ ገብተው ዕቃ መጠየቅ ነው ነውሩ። ሰው ሲበላ አጠገቡ ካለፉ "ፕሮቬቾ" ይባላል፤ እንደኛ እንብላ ባይሆንም መንፈሱ አንድ ነው። ቶርቲያ በኪሎ ነው፣ ከማሽኑ ትኩሱን። የራሳቸውን ጨርቅ ይዘው ይሂዱ፣ ወረቀቱ ያልበዋል።

መሰልቸቱን ጠይቀዋል። ዓርብ ከሰዓት ጭር ሲል ሊከብድ ይችላል፣ አልዋሽዎትም። ግን ካናዳ ውስጥ ጥር ላይ የጎረቤቴን ፊት ለወራት አላይም ነበር። እዚህ በሬ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ዳቦ ሻጩ በባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱ ያልፋል። ጋዝ የሚያድለው ይጮኻል። አሮጌ ፍሪጅና ፍራሽ የሚገዛው በድምጽ ማጉያ እየተጣራ ሲያልፍ ቆራሌውን የሰማሁ ይመስለኛል።

ወረቀት ጨራሽ (ቶሮንቶ)

የጀበናዋ የኑሮውን ጨርሰውታል። እኔ የቪዛውን ልመልስ።

ጋሼ፣ የካናዳ ፒአር ያለው ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርትም ቢሆን ሜክሲኮን ለመጎብኘት ቪዛ አይጠየቅም። ፓስፖርቱና ካርዱ ግን ቀናቸው ያላለፈ መሆን አለበት። ካርዱ ወደ ካናዳ ሲመለሱም ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቀኑን አሁኑኑ እዩ።

ትልቁ ወጥመድ ቲኬቱ ላይ ነው። ርካሽ ብላችሁ በአሜሪካ የሚያልፍ በረራ እንዳትቆርጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው አሜሪካ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቪዛ ይጠየቃል። የእህቴ ባል ኤርፖርት ላይ በዚህ ምክንያት ቀርቷል። ከካናዳ በቀጥታ ካንኩን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሜሪዳ። ከሜሪዳ ፕሮግሬሶ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሜክሲኮ ስትገቡ ሊፈቀድ የሚችለው እስከ 180 ቀን ነው፤ ግን መኮንኑ ሊያሳንሰው ይችላል። ማህተሙ ላይ የተጻፈውን የቀን ቁጥር ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡ። የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ግዙ፤ የእትዬን ጉልበትና የተሰበረውን እጅ ሳትደብቁ አስመዝግቡ። ደግሞ ወደፊት ቆይታውን ማስረዘም ካማራችሁ፣ ከስድስት ወር በላይ ከካናዳ ውጭ የቆየ ሰው የጡረታ ድጎማው፣ ማለትም ጂአይኤስ፣ ይቋረጥበታል።

ኩባ የተማርኩት (ኦታዋ)

እኔ በልጅነቴ መንግሥት ኩባ ልኮ ካስተማራቸው ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። ፕሮግሬሶ ሁለት ጊዜ ከርሜአለሁ። እዚያ ጥቁር ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ኩባዊ ነው። "ኩባኖ ነህ?" ይሉሃል። "ኤቲዮፔ" በላቸው። ለሴትም "ኤቲዮፔ" ያው ነው፣ አይቀየርም።

ሜክሲኮ ሲቲ የኖረ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ፊቱ ይበራል። እዚያ ከተማ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ወረራውን ተቃውማ ከኛ ጋር ከቆሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ንጉሡም እንደ ፈረንጆች በ1954 ሄደው ጎብኝተዋታል። እኛስ አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ያለን ለምን ሆነና! እኔ ይሄን አንድ ጡረታ ለወጡ የሜክሲኮ ሲቲ መምህር ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ።

ለእትዬ ቁጥር አስተምሯቸው፣ ከአንድ እስከ መቶ። ሰላምታ፣ ቁጥርና "ግራሲያስ" ካላቸው ገበያው ይገፋል።

ጡረተኛው ሾፌር

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። የሱፉ ጋ ስደርስ "ድገመው" አለችኝ።

የጀበናዋን ሁለት ነገር ጠይቅልኝ ብላኛለች። እንጀራ እንዴት ትጋግሪያለሽ? ጥምቀትንስ እንዴት ታሳልፊያለሽ? ከአገር ከወጣን እኛ አንድም ጥምቀት ከቤተ ክርስቲያን ቀርተን አናውቅም።

የጀበናዋ

እትዬ፣ መብራቱ እንደ ካናዳ ነው፣ ምጣድዎ ይሠራል። ግን አሮጌ ቤቶች ሶኬታቸው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ ማገናኛ ይያዙ። ምጣዱ ሲጋል ማይክሮዌቭ እንዳይነኩ፣ መብራቱ ይጠፋል። ሊጡን እንደ ካናዳ ሦስት ቀን እንዳያስቀምጡት። እዚህ ሙቀትና እርጥበት ነው። ማታ ያቦኩት በማግስቱ ከሰዓት አረፋ ያወጣል። ኖርቴ ሲመጣ ግን ይዘገያል። እኔ የጤፉን ዱቄት ለማብቃቃት የሩዝ ዱቄት እቀላቅላለሁ።

እውነት ለመናገር ጥምቀት ላይ አገሬም ቤተ ክርስቲያኔም ይናፍቁኛል። ዊኒፔግና ፕሮግሬሶ እስከ ማርቹ የሰዓት ለውጥ ድረስ ሰዓታቸው አንድ ነው። የደብራችሁ ቅዳሴ በስልክ ከተላለፈ እናንተ ሳትቸገሩ ትከታተላላችሁ። እኔ በዋዜማው ነጠላዬን አጥቤ አሰጣለሁ። ንጋት ላይ ሳይነጋጋ ለብሼ ባህሩ ዳር እወርዳለሁ። በዚያ ሰዓት ነፋስ ከሌለ ውሃው ዝም ይላል፣ ፔሊካኖቹ እንኳን ገና አልተነሡም። ጸሎቴን አድርሼ በእጄ ውሃውን ዘግኜ ፊቴን እረጫለሁ። ጠበል ነው አልልም፤ ቄስ አልባረከውም። አምና የዓሣ አጥማጁ ሚስት ከርቀት አይታኝ መጣችና ምንም ሳትጠይቅ ጎኔ ቆመች። ጨርሼ ስመለስ አብራኝ ተመለሰች።

ዘንድሮ ሦስት እንሆናለን፣ ጋሼ ከተነሡ ደግሞ አራት። ቤታችሁ ከገበያው በየት በኩል እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሮቶውን ቀድሜ ሄጄ አየዋለሁ። ደግሞ ሻንጣችሁ ቦታ ካለው የተፈጨ ኮረሪማ ትንሽ ያዙልኝ፣ የኔ አልቋል።